መበለቷ ገዝታለች

ገና ፊቴን ሳልታጠብ አጎቴ ጠርቶኝ ራሴን ቁም ሳጥኑ ውስጥ እንድከትና መበለት እንድሆን አዘዘኝ። ትናንት ነርስ ነበርኩ። ባለፈው ሳምንት ደግሞ የጡረታ አበሏን ይዛ የምታደርገው የጠፋባት አስተማሪ። ባል ሳላገባ ባል ቀባሪ መሆን ደስ እንደማይል ነገርኩት። አልሳቀም። ጠዋት ጠዋት አይስቅም፤ ገበያው እስኪዘጋ ድረስ ሳቁን ቆልፎ ነው የሚያስቀምጠው። ድምፅሽ ሐዘን ይኑርበት፣ ግን እንዳታለቅሺ አለኝ፤ ያለቀሰ ሰው ይታዘንለታል እንጂ ምክሩን ማንም አይሰማም። ስልኩን በካፖርቶቹ መሀል አስደግፎ አስተካከለና ግቢ ብሎ በአገጩ አመለከተኝ።

ቁም ሳጥኑ የእናቴ ነው። ከሞተች ወዲህ ልብሶቿን ያነሳ የለም። አባቴ አላነሳቸውም፣ እኔም አላነሳኋቸውም፣ ስለ እነሱ ተነጋግረንም አናውቅም። ጥቅም ያገኘላቸው አጎቴ ነው። ጨርቅ ድምፅ ይውጣል፤ ስለዚህ በወፍራም ካፖርቶቿና በሹራቦቿ መሀል ሲቀዳ የመኪናው ጡሩምባም፣ ፎቅ ላይ ያሉት ሰዎች ወንበር ሲጎትቱም አይሰማም። እግሬ ውጭ፣ ራሴ ውስጥ ሆኜ ስናገር ከኋላ ላየኝ ሰው ቁም ሳጥኑ ግማሼን የዋጠኝ ነው የምመስለው። አጎቴ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው። ከቀብሩ በኋላ ለሁለት ሳምንት ብሎ መጣ፤ መቼም የእሱ ሁለት ሳምንት ሲያልቅ እኔ አርጅቼ እገኛለሁ። የውስጠኛው ክፍል ሲቀዳበት ጸጥ ስለሚል ለእሱ ተሰጠው። አባቴ ሳሎኑ ውስጥ ሶፋው ላይ ጉልበቱን አጥፎ ይተኛል፣ እኔ ኩሽናው አጠገብ ባለችው ጠባብ ክፍል። ይህን ማን እንደወሰነው አላስታውስም። ዝም ብሎ ሆነ።

አጎቴ የአክሲዮን ምክር በሚለቅበት የስልክ ቻናሉ ላይ «ተንታኙ» ነው የሚባለው። ሥራውን ማስረዳት ቀላል ነው፤ የሚከብደው ማመኑ ነው። አንድ ቦታ ትንሽ ኩባንያ አለ ይባላል። ለባትሪ የሚሆን ማዕድን ከመሬት ሊያወጣ ነው። እስካሁን ያለው አንድ ቢሮ፣ አንድ ጸሐፊና ማንም ያላየው ጉድጓድ ነው። አንዱ አክሲዮን ከማስቲካ ይረክሳል። አጎቴ «የኛዎቹ» የሚላቸው፣ እኔ አንዳቸውንም በዓይኔ አይቼ የማላውቃቸው ሰዎች፣ ማንም ሳይሰማ በርካሽ ገዝተው ይቆልላሉ። ከዚያ አጎቴ ስለ ጉድጓዱ ማውራት ይጀምራል። ሰው ይገዛል። ሰው ሲገዛ ዋጋው ይወጣል፣ ዋጋው ሲወጣ ያልገዛው ሰው እንቅልፍ ያጣና እሱም ይገዛል። በቃ ወጣ የተባለ ጊዜ የኛዎቹ ሁሉንም አራግፈው ይሄዳሉ፤ ዋጋው ተንኮታኩቶ ይወድቅና የቀረው ሰው እጅ ላይ ጉድጓዱ ብቻ ይቀራል። ለአጎቴ የድካሙን ይከፍሉታል። ለእኔ ከእሱ የሚንጠባጠበው የስልክ ካርድ ነው፣ ሲቀናው ደግሞ ጫማ።

መጀመሪያ ላይ ትልቅ ሴት ሁኚ ሲለኝ የሚወጣልኝ ድምፅ የሕፃን ቲያትር ነበር። ተበሳጨ፣ ሌላ ሰው እፈልጋለሁ ብሎ አስፈራራኝ። አንድ ቀን ግን አፍንጫዬ ግራጫው ካፖርት ላይ ተለጥፎ ሳለ፣ ሳላስበው፣ እናቴ ከነጋዴ ጋር ስትነጋገር እንደምታወራው አወራሁ። ዝግ ብላ፣ መጨረሻው ላይ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ተከራካሪው እስኪያፍር ድረስ ቆም እያለች። አጎቴ እጁ ስልኩ ላይ ደርቆ ቀረ። እህቱ ናት እኮ። በጥፊ የሚለኝ መስሎኝ አንገቴን ሰበር አደረግኩ። እሱ ግን ወደ መስኮቱ ሄዶ ጀርባውን ሰጥቶኝ ቆመ፣ አፍንጫውን ጠረገና ተመልሶ በዚህ ነው የምትቀጥይው አለኝ። ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ነገር አንድ ቃል አልተነፈስንም። እኔም ለአባቴ አልነገርኩትም። ምን ብዬ? እማዬ ቁም ሳጥኑ ውስጥ አክሲዮን ትሸጣለች ልበለው?

የዛሬውን አጎቴ በትልልቅ ፊደል ጽፎልኛል፤ ትምህርቴን ሰባተኛ ክፍል ላይ እማዬ ስትታመም ስላቆምኩ ሳነብ እንቀረፈፋለሁ። ባለቤቴ ሲያርፍ ትቶልኝ የሄደው ጥቂት ነበር ይላል። ፈራሁ ይላል፤ ብቻዬን ስለሆንኩ ሰው ሁሉ የሚያታልለኝ መሰለኝ። ከዚያ ተንታኙን አገኘሁና ገዛሁ። ዛሬም ጨምሬ ገዝቻለሁ፣ ዋጋው ቢወዛወዝ አትደንግጡ፣ ያዙ። አንድ ጊዜ አነበብኩት፣ ሁለተኛ አላስፈለገም። አጎቴ ሰምቶት ራሱን ነቀነቀና ለሦስት ሺህ ምናምን ሰው ለቀቀው። እኔ ከቁም ሳጥኑ ስወጣ ፀጉሬ ላይ የሹራብ ክር ተጣብቆ ነበር።

ሻይ ላፈላ ስል ኩሽናውን ቀደመኝ። ትልልቅ ጉዳዮቹን በስልክ የሚያወራው እዚያ ነው፣ ቧንቧውን ከፍቶ፤ ውሃው ወሬውን ይሸፍንልኛል ብሎ ያስባል። የኛ ኩሽና በር ግን የታችኛው ጠርዙ የተበላ ስለሆነ ውሃም ወሬም እኩል ነው የሚፈስበት። ጆሮዬን ጣል አደረግኩ። የኛዎቹ ከምሳ በኋላ ሸጠው ይወጣሉ አለ፤ ሕዝቡ ደግሞ እስከ ሰኞ እንዲይዝ አደርጋለሁ፣ መበለቷ ጥሩ ሠርታለች። ደነገጥኩ ብል ውሸት ነው። እንዲህ ያለ ስልክ ከዚህ በፊትም ሰምቻለሁ። ቻናሉ ላይ ያሉት ሰዎች ፊት የላቸውም፤ አንዱ ፎቶው አበባ ነው፣ ሌላው አንበሳ፣ ሌላው የጀልባ ሥዕል። ለአበባና ለአንበሳ ማን ያለቅሳል? ውሃው እስኪዘጋ ጠብቄ ገባሁና ሻዬን አፈላሁ። ከዚያ ለአባቴ ዳቦና የተቀቀለ ድንች ምሳ ዕቃው ውስጥ ከትቼ ወጣሁ።

አባቴ መስታወት ቆራጭ ነው። የሚሠራበት ሱቅ ከቤታችን በአውቶቡስ ሁለት ፌርማታ ነው፤ እኔ ግን የአውቶቡሱን ሳንቲም ለራሴ አስቀርቼ በእግሬ ነው የምሄደው። ሱቁ ጠባብና ረጅም ነው። በአንዱ ግድግዳ መስታወቶቹ እንደ መጽሐፍ ጎን ለጎን ቆመው ተደርድረዋል፣ በሌላው በኩል ብርድ ልብስ የተነጠፈበት ረጅም ጠረጴዛ፣ የእንጨት ማስመሪያና በቆርቆሮ የተቀመጠ የመስታወት ማጣበቂያ ስቱኮ። ስቱኮው ሲደርቅ ሽታው ዘይት ዘይት ይላል፤ አባቴም እንደዚያ ነው የሚሸተው። ባለሱቁ ሽማግሌ ነው፣ እጁ መንቀጥቀጥ ስለጀመረ መቁረጫ መያዝ ትቷል፤ በር ላይ በርጩማው ላይ ተቀምጦ ያለፈ ያገደመውን ይተርባል። ሱቁን ለአባቴ ሊያስተላልፍለት ከተስማሙ ቆይተዋል። ገንዘቡ እማዬ በሕይወት ሳለች ጀምሮ ነው የሚጠራቀመው። አባቴ ስለዚህ ነገር ቤት ውስጥ ሲያወራ የፊቱ ቆዳ ላላ ይል ነበር፤ ሌላ ጊዜ እንዲያ ሲል አላየሁትም።

«ምሳ ነው ያመጣሽው ወይስ ምላስ?» አለኝ ሽማግሌው እንዳየኝ። ምሳው ለአባዬ ነው፣ ምላሱ ለእርስዎ አልኩት። ሳቀና አባቴ የአንድ ፋርማሲ መስታወት ሊገጥም ወጣ ማለቱን ነገረኝ። ተቀመጪ ብሎ ቦታ ሰጠኝና ድምፁን ቀነሰ። አባትሽ ሴት ይዟል መሰለኝ አለኝ። እንዴት ማለት ስለው፣ ቀኑን ሙሉ በአንድ ጆሮው የስልኩን ማዳመጫ ሰክቶ እንደሚሠራ፣ አንድ ቀን ማዳመጫው ተነቅሎ የሴት ድምፅ እንደሰማ፣ ያችኑ ሴት ደጋግሞ እንደሚሰማት ነገረኝ። እሱ ይህን እንደ ቀልድ ነው የሚያወራው። እኔ ግን ድንቹን የያዘውን ምሳ ዕቃ ጉልበቴ ላይ አጥብቄ ያዝኩት። ከዚያ ሽማግሌው ሌላውን ነገር ጨመረ፣ ይህን እንኳ እየሳቀ አይደለም። የሱቁ ገንዘብ ሞልቶ ነበር። አባቴ ግን እስከ ወሩ መጨረሻ ይታገሱኝ፣ አክሲዮን ገዝቼበታለሁ፣ ትንሽ ይጨምርልኛል ብሎ ለመነው። ሽማግሌው አባቴን ስለሚወደው እሺ አለ፤ ግን ማዶ ያለው ስልክ ጠጋኝ ገንዘቡን በእጁ ይዞ በየቀኑ ይመጣል። እኔም ሰው ነኝ፣ ልጄ ጋ ሄጄ ማረፍ እፈልጋለሁ፣ ከወሩ መጨረሻ አላልፍም አለኝ።

ክው አልኩ። ጠዋት ከኩሽናው በር ስር የፈሰሰው ወሬ እንደገና በጆሮዬ ፈሰሰ። ምሳ ሰዓት እኮ ደርሷል። ማዶ ያለው ምግብ ቤት ደጃፍ ሰዎች መሰለፍ ጀምረዋል፤ የኛዎቹም የትም ይሁኑ የት እየበሉ ይሆናል፣ ጨርሰው እጃቸውን ይታጠባሉ፣ ከዚያ የአባቴን ሱቅ ይዘው ይወጣሉ። ለአባቴ ደወልኩ፤ ስልኩ መሳቢያው ውስጥ ጮኸ። ሊገጥም ሲወጣ ከኪሱ ወድቆ እንዳይሰበር ትቶት ነው የሚሄደው። ወደ ፋርማሲው ልሩጥ ብዬ ብነሳ ሽማግሌው የቱ ፋርማሲ እንደሆነ አያውቀውም። ተቀመጥኩ። ተነሳሁ። ሽማግሌው ቁንጫ ነክሶሽ ነው ወይ አለኝ።

አባቴ በመጨረሻ መጣ፣ በትከሻው የአሮጌ መስታወት ቁራጭ ተሸክሞ። እጁን በበርሜሉ ውሃ ታጠበ፣ በጨርቅ አደረቀ፣ ምሳ ዕቃውን ሊቀበለኝ እጁን ሲዘረጋ ምሳ ዕቃውን አልለቀኩትም።

«አባዬ፣ ሽጠው» አልኩት። «የገዛኸውን አሁኑኑ ሽጠው።»

ሽማግሌውን አየው፣ ሽማግሌው ወደ መንገዱ ዞረ። አባቴ ምን ሰምተሽ ነው አለኝ፣ ቀስ ብሎ። አጎቴ ኩሽና ውስጥ የተናገረውን ሁሉ ነገርኩት። እየሰማኝ ጠረጴዛው ላይ የቀረ የመስታወት ፍንጣሪ በጣቱ እየለቀመ ወደ አንድ ባዶ ቆርቆሮ ይጥላል። ስጨርስ፣ ዛሬ ጠዋት ያዙ ስትል ሰምቻታለሁ እኮ አለ። እዚያ ላይ ነው የቀረኝን የተናገርኩት። ስናገረው እማዬን ሁለተኛ የምገድልበት መስሎኝ ነበር።

«እሷ እኮ እኔ ነኝ፣ አባዬ።»

«አውቃለሁ» አለ።

ሌላ ነገር ይላል ብዬ ጠበቅኩ። እሱ ፍንጣሪውን ለቅሞ ጨረሰ። ከዚያ፣ ዓይኑን ከጠረጴዛው ሳያነሳ፣ ያን ያህል ዘመን አብሬያት ኖሬ እናትሽንና አንቺን ለይቼ የማላውቅ መሰለሽ ወይ አለኝ። የመጀመሪያውን ቀን፣ የመጀመሪያውን ቃል እንደሰማ አውቆኛል። ተናዶ ነበር። ስልኩን ሊወረውረው ነበር። ከዚያ ደግሞ ሰማው፣ ከዚያ ደግሞ፤ የእሷን ድምፅ ካንቺ ጉሮሮ መስማት ለመድኩ አለ። ይህን ሲናገር እንደ ሌላ ሰው ታሪክ ነው የሚናገረው። ጊዜ አልነበረም። ታዲያ እኔ መሆኔን ካወቅህ ለምን ገዛህ አልኩት፣ ድምፄ ከፍ ብሎ ሽማግሌው እስኪዞር።

«አንቺ ስለሆንሽ ነዋ» አለ። «ነገሩ መጥፎ ቢሆን ማታ ስንበላ ትነግሪኝ ነበር ብዬ።»

ማታ ስንበላ። ሦስታችን ትንሿን ጠረጴዛ ከበን እንቀመጣለን። አጎቴ ስልኩን ሳህኑ አጠገብ አስቀምጦ በአንድ እጁ ይበላል። አባቴ ሳህኑን ብቻ ያያል። በዚህ ሳምንት ውሎሽ እንዴት ነበር ብሎ ጠይቆኛል፤ ጠይቆኝ የማያውቅ ሰው ስለሆነ ገርሞኝ ነበር፣ ምንም አይል ብዬ ጨው አቀበልኩት። ሌላም ቀን ጠየቀኝ። የአጎትሽ ሥራስ? አለኝ፣ አጎቴ እዚያው ተቀምጦ። እሱን ጠይቀው ብዬ ሳቅኩ። አጎቴም ሳቀ። አባቴ ውሃውን ጠጥቶ ሶፋው ላይ ሊተኛ ሄደ። እዚህ ቆሜ አሁን ሳስበው፣ ሰውየው በራችንን ሲያንኳኳ ነው የከረመው፤ እኔ ከውስጥ ሆኜ የነፋስ ድምፅ ነው ብያለሁ።

ስልኩን ከመሳቢያው አወጣሁት። አባቴ አውራ ጣቱን ሲያስነካው አልከፈት አለ፤ መስታወት ጣቱን በልቶት መስመር የለውም። ቁጥሩን በቃሉ ነገረኝና ከፈትኩት። አንዱን አክሲዮን የገዛው በአራት ሳንቲም ነበር፣ አሁን አሥራ አንድ ደርሷል። ያለውን በሙሉ መረጥኩና «ሽጥ» የሚለውን ነካሁት። ትንሽ ክብ ነገር መሽከርከር ጀመረች። ሦስታችንም ራሳችንን ስልኩ ላይ ደፋን፤ ሽማግሌው መነጽሩን ረስቶ ምን አለ ምን አለ ይላል። ለመሸጥ የሚገዛ ሰው መገኘት አለበት፤ የሚገዛ ከሌለ ክቧ ስትዞር ትውላለች። ብዙ አልዞረችም። ተሸጧል የሚል ጽሑፍ መጣ፣ ከሥሩ ገንዘቡ። ሽማግሌው የአባቴን ጀርባ መታ መታ አደረገው። ሱቁ ብቻ አይደለም፣ የአንድ ዓመት መስታወት መግዣም ተርፏል።

አባቴ ግን ስልኩን ወደ ዓይኑ አቅርቦ ቁጥሩን ያየዋል፣ እንደ ተሰነጠቀ መስታወት።

«ማነው የገዛው?» አለ።

አይታወቅም፣ ስም አያሳይም አልኩት። ሰው ግን ነው አለኝ። ሰው ነው አልኩ። ፈልጊው ብሎ ስልኩን መለሰልኝ። ማን እንደገዛ ማወቂያ መንገድ የለም፤ ቢሆንም እሺ እንዳልኩት እንዲያይ ቻናሉን ከፈትኩት። ከመበለቷ ድምፅ ሥር ሰዎች አስተያየት ደርድረዋል። የመጨረሻው ገና ትኩስ ነው፣ ፎቶዋ የመጋረጃ ጥግ የሆነች ሴት። አንብቢልኝ አለ አባቴ። እየተቀረፈፍኩ አነበብኩለት። እህቴ ድምፅሽን ስሰማ ልቤ ተረጋጋ ትላለች። እኔም ባሌ ካረፈ ዓመት አልሞላውም፣ ልጆቼ እንዳትነኪው ብለውኝ ነበር፣ አንቺን ሰምቼ ግን አሁን በሙሉ ገዛሁበት። የገዛችው የአባቴን ይሁን የሌላ ሰው፣ እሷም አታውቅም። ሳነብ የወጣው የራሴ ድምፅ ነበር፣ ቀጭኑ። አባቴ እስከ መጨረሻው ሰማኝና መልሺላት አለ።

እህቴ አሁኑኑ ሽጪ ብዬ ጻፍኩ። መበለቷ መበለት አይደለችም ብዬም ጨመርኩ። ለሁሉም እንዲታይ ደግሜ ጻፍኩት፤ ፊደል ገድፌ ይሆናል። አንድ አበባና አንድ አንበሳ ምን ማለት ነው ብለው ጠየቁ። መልሱን እየጻፍኩ ሳለ የጻፍኩት ሁሉ ጠፋ፣ ከዚያ ቻናሉ ራሱ ከስልኩ ላይ ጠፋ፤ አጎቴ እጁ ፈጣን ነው። ወዲያው ስልኩ ጠራ፣ የአጎቴ ስም መጣ። አባቴ ጥሪው እስኪያቆም አየውና ስልኩን በፊቱ ደፋው። እንደገና ገልብጬ ዋጋውን ሳየው ዘጠኝ ሆኗል። ሳልጨርስ ሰባት። ሽማግሌው የምናየውን አላወቀም፤ ፊታችን የከበደው ከድንጋጤ የተነሳ መስሎታል። ዛሬማ የደስታ ቀን ነው አለ፤ ነገ ወረቀቱን እንፈራረማለን፣ ለስልክ ጠጋኙም ቁርጡን እነግረዋለሁ። ከኪሱ የሱቁን ቁልፍ አወጣ፣ ትልቁን የበሩንና ትንሿን የመሳቢያውን፣ በአንድ ሽቦ የታሰሩ። ይኸው ብሎ ለአባቴ ዘረጋለት።

አባቴ እጁን አልዘረጋም። የሽማግሌው እጅ ስለሚንቀጠቀጥ ቁልፎቹ እርስ በርስ ይንቃጨላሉ። ምነው አለ። አባቴ ለእሷ ይስጧት አለ፣ በአገጩ ወደ እኔ። ሱቁን በድምፅዋ የገዛችው እሷ ናት። ይህን የተናገረው በቁጣ አልነበረም። ሽማግሌው ቁልፉን መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ፤ ኪሱ ውስጥ ይዞት ስለዋለ ለብ ብሎ ነበር። አባቴ ብርድ ልብሱ ላይ አዲስ መስታወት አጋደመ፣ ማስመሪያውን አስተካከለ፣ መቁረጫውን ዘይት ውስጥ ነክሮ አንድ ረጅም መስመር ሳበ። ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አልሰካም።

አንዲት ሴት የመስኮቷን ልክ በገመድ ለክታ፣ ገመዱን ጣቷ ላይ ጠቅልላ፣ በሩ ላይ ቆመች። ክፍት ነው ወይ አለች። አባቴ ቀና አላለም። ሽማግሌው አባቴን አየ፣ ከዚያ እኔን። ሴትየዋም ቁልፉን አይታ ወደ እኔ ዞረችና እንደገና ጠየቀችኝ። አፌን ከፈትኩ። የትኛው ድምፅ እንደሚወጣ አላወቅኩም፤ መልሼ ገጠምኩትና ራሴን ነቅንቄ ግቢ አልኳት።